አብሮኝ የመጣው ሰውዬ

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በሙት ድምፅ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ዛሯ ተነሳባት ተብሎ ሰፈሩ ሲተራመስ "ዛሯ ሳይሆን አረቄዋ ነው" ብዬ ከአባቴ ኩርኩም የቀመስኩ ነኝ፣ ሳድግ ደግሞ ሌኒንግራድ ሄጄ ምህንድስና ከነኤቲዝም ኮርሱ ተምሬ፣ ሩሲያኛው ላይ ከአምስት ሦስት፣ ኤቲዝሙ ላይ ግን ድፍን አምስት ያገኘሁ ሰው ነኝ። ሶሻሊዝሙም አስተማሪዎቹም አገሩም ሲፈርሱ ከዚያ ሁሉ ትምህርት የቀረኝ አለማመኔ ብቻ ነበር። እሱንም አንድ ጠዋት፣ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳቦ በጫነች መኪና ውስጥ ተቀማሁ። እመኑኝ፣ ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ብቻዬን ይዤው መቆየት ከበደኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከክፍሎም ነው። ክፍሎም ሌኒንግራድ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ነው፣ ወላጆቹ ከኤርትራ ይምጡ እንጂ እሱ ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይሻል ነበር፣ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብቻ ትግርኛ ነበር። እናቱ ቁጥር ያስተማረችው በትግርኛ ነዋ! ደረጃ ሲወጣ፣ ፈተና ላይ ሲደምር፣ ሰልፍ ላይ የቀደመውን ሰው ሲቆጥር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ "ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ" ይላል፣ እኛ እንስቅበታለን፣ እሱ ሳይሰማን "ኣርባዕተ" ብሎ ይቀጥላል። ሲበዛ ጨዋ፣ ሲበዛ ዝምተኛ፣ ሲያፈቅር ደግሞ መመለሻ የሌለው ዓይነት ሰው ነበር።

ያፈቀራትም ላሪሳ የምትባል ከሰሜን የመጣች ልጅ ነበረች፣ ነጭ ባሕር ዳርቻ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ። ከተማዋ ማላያ ጉባ ትባላለች። መጀመሪያ ስሟን ስሰማ "ጉባ እኮ መተከል ነው ያለው፣ እንዴት ቆላ ተወልዳ እንደዚህ ነጣች?" ብዬ ቀልጄበት ነበር። ላሪሳ ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ተመለሰች፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፣ ከዚያ ዝም አለች። ክፍሎም ክረምቱን ሙሉ የፖስታ ሳጥኑን ሲከፍት ሲዘጋ ከረመና፣ በ1991 በፈረንጆቹ መጋቢት "ሄጄ ላያት ነው" አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ጓደኛዬን ብቻውን የማልልክ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበርና አብሬው ተነሳሁ።

የውጭ ተማሪ ያለፈቃድ ከከተማ መውጣት አይችልም ነበር፣ ከተያዘ ይባረራል፣ እኛ ደግሞ ፈቃድ የለንም። ቢሆንም ባቡር ተሳፈርን፣ ሐዲዱ የሚያደርሰን ጣቢያ ድረስ ሄድን፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ያለውን መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የጫካ መንገድ ያገኘነውን ካሚዮን እየለመንን መሄድ ነበረብን። እዚያ አገር ሊፍት የሚጠየቀው እንደ አሜሪካ አውራ ጣት ቀስሮ አይደለም፣ ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ መዳፍን ወደ መሬት ደፍቶ ነው፣ የሕፃን ራስ እንደሚዳብስ ሰው። መንገዱ ዳር በረዶ ላይ ቆመን ስንዳብስ፣ እመኑኝ፣ ሳቅ ነበር። ግንድ የሚጭኑት ሾፌሮች ደጎች ነበሩ፣ አንዱ ኩባዎች መስለነው እስፓኒሽ አወራን፣ ሌላው ደረቅ ዓሣ አካፈለን፣ ክፍሎም በመስኮቱ እያየ የስልክ እንጨቶቹን ይቆጥራል፣ "ሚእትን ሓደን፣ ሚእትን ክልተን"፣ እንደዚያ እየቆጠርን ሦስት መኪና ቀያይረን ማላያ ጉባ ገባን።

የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ሱቅ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓይን ጥግ የረጋ ነጭ ባሕር፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት። የላሪሳ እናት በሩን ከፈተችልን፣ አየችንና ነገሩ ገባት መሰለኝ ምንም ሳትጠይቅ አስገብታ የዓሣ ሾርባ አቀረበች። ላሪሳ በመከር መርከበኛ አግብታ ሙርማንስክ ገብታለች። ክፍሎም ይህን ሰምቶ ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጣ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ ተነስቶ እጅ ነስቶ አመሰገነ። ወጥተን መንገዱ ላይ ስንደርስ ነው ፊቱን ያየሁት፣ እና እንዳላየ ሆንኩ፣ ምን ልበለው?

በማግስቱ ለመመለስ መንገድ ዳር ቆምን። ብርዱን ልነግራችሁ አልችልም፣ ስትናገሩ ጥርሳችሁን ያማችኋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ካሚዮን ቆመ፣ ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት። ሾፌሩ አንድ ጣቱን አሳየን፣ አንድ ቦታ ብቻ። ክፍሎም ወዲያው "አንተ ግባ፣ ጫማህ ውሃ አስገብቷል" አለኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እኛ እኮ ሁለት ሆነን በር ላይ ስንገናኝ "ቅደም"፣ "አይ አንተ ቅደም"፣ "በሞቴ" እየተባባልን በሩን ዘግተን የምንቆም ሕዝብ ነን። እኔ ያን ቀን አንዴ እንኳ፣ ለወጉ እንኳ "አይሆንም፣ አንተ ግባ" አላልኩም። ገባሁ። ስልሳ ኪሎ ሜትር ላይ የመንገድ ሠራተኞች የሚያርፉበት ምድጃ ያለው ቤት ነበር፣ እዚያ ወርጄ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ለምኜ ልወስደው፣ ሐሳቡ ይህ ነበር። በሩን ስዘጋ ከመስኮቱ ዘንበል ብዬ "መጣሁ!" አልኩት። ታውቁታላችሁ፣ ከጠረጴዛ ተነስተን ሽንት ቤት ስንሄድ እንኳ እንደምንለው፣ እየሄድን "መጣሁ"። እሱም እጁን አነሳልኝ።

ምድጃው ዳር አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እግሬ ሙቀት ሲያገኝ አመመኝ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ በማግስቱ ጠዋት ነበር። የቤቱ ጠባቂ ሌሊቱን ብዙ መኪና አልፏል አለኝ፣ እኔም እንግዲያው ክፍሎም አንዱን ይዞ አልፎኛል አልኩ። አምኜው ነው ያልኩት? አላውቅም። ወደ ኋላ ስልሳ ኪሎ ሜትር መመለስ አቃተኝ፣ ይኸው ነው እውነቱ፣ ባቡሩ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ሌኒንግራድ ስገባ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር።

ፖሊስ ጋ ሄጄ አልተናገርኩም፣ ያለፈቃድ መሄዳችን ይታወቅብናል ብዬ ፈራሁ። ለጓደኞቻችን "ልጅቷ ጋ ቀርቷል" አልኳቸው፣ ሳቁ፣ ጎበዝ አሉት። ለላሪሳ እናት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ግንቦት ላይ በአገራችን መንግሥት ተለወጠ፣ አበላችን ተቋረጠ፣ ሁላችንም እንደ ተበተነ ጤፍ ሆንን። እኔ በጀርመን በኩል ዞሬ ኦክላንድ ገባሁ።

አሜሪካ ሰፊ ነው ይላሉ፣ ውሸት ነው። በገባሁ በዓመቴ አንድ ሰርግ ላይ አንዲት ልጅ ትክ ብላ አየችኝና "አንተ የክፍሎም ሩምሜት አይደለህም? ፎቶህ እኮ ቤታችን አለ" አለችኝ። ታናሽ እህቱ ሰናይት ነበረች፣ ከእናቷ ከእማማ ለተብርሃን ጋር በሱዳን አድርገው ሳን ሆዜ ገብተዋል፣ ከዓለም አገር ሁሉ መርጠው እዚያው አጠገቤ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በሳምንቱ እሑድ እናትየው ዘንድ ተወሰድኩ፣ እቅፍ አድርጋ ይዛ ትከሻዬን አሸተተችው፣ የልጇን ጠረን የምታገኝ መስሏት።

"እንዴት ነበር ስትለያዩ?" አለችኝ።

"ደህና ነበር እማማ፣ እዚያው ሥራ አገኛለሁ ብሎ ቀረ። እየሳቀ ነው የተለያየነው።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ።"

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እሑድ እሑድ እሄድላት ነበር፣ ቅጣቴ ነው ብዬ። እሷም በየእሑዱ ያቺኑ ታስደግመኛለች፣ ስንለያይ እንዴት እንደሳቀ። "በረዶ አገር ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ ይሆናል፣ ስልክ የሌለበት አገር ይሆናል፣ አይደል?" ትለኛለች፣ "ይሆናል እማማ" እላለሁ። ሌሊት እንደማትተኛ ሰናይት ነግራኛለች፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ተነስታ በሩን ትከፍታለች። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጣሁበት!

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመጣ ነው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ዳቦ ቤት ሾፌር ነበርኩ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ እጭንና በኢንተርስቴት 880 ወርጄ ሄይዋርድ፣ ፍሪሞንት፣ ሳን ሆዜ እያልኩ ካምቤል ላይ እጨርሳለሁ። መኪናዋ ከእኔ ሌላ አንድ መቀመጫ ብቻ ያላት ቫን ናት፣ ሰው መጫን ክልክል ነው። ዲሴምበር ነበር፣ ጉም የወረደበት ጠዋት፣ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ የሚታይበት። ሄይዋርድ ያሉትን ሱቆች አድርሼ ወደ ፍሪዌዩ መግቢያ ስጠመዘዝ መንገዱ ዳር አንድ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁት ክንዱን ነው። ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ መሬት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደዚያ አድርጎ ሊፍት የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሩሲያዊ ስደተኛ ነው ብዬ አሰብኩ፣ በዚያ ሰሞን ብዙ ይመጡ ነበር፣ ደስም አለኝ፣ ያቺን የተረሳች ሩሲያኛዬን ልሞክራት። ፍሬን ያዝኩ። ሲራመድ ሰማሁት፣ እና እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ጀርባዬን የቀዘቀዘኝ፣ ምክንያቱም አስፋልት ላይ የሚራመድ ሰው እንደዚያ ዓይነት ድምፅ የለውም። ክርጭ፣ ክርጭ፣ ክርጭ ይላል፣ የደረቀ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው። ጠጠር ይሆናል አልኩ። እኔ ሁልጊዜ የሆነ ነገር "ይሆናል" እላለሁ።

በሩን ከፈተና ጎንበስ ብሎ በሩሲያኛ "አንድ ቦታ ብቻ ነው?" አለኝ። "አንድ ብቻ፣ ግባ" አልኩት። ወፍራም ካፖርት፣ እስከ ዓይኑ የወረደ ኮፍያ፣ አፉ ላይ የተጠመጠመ ሻርፕ፣ ከሱፍ የተሠራ የሩሲያ ቦት ጫማ። አጠገቤ ሲቀመጥ መኪናው ውስጥ የነበረው የዳቦ ሽታ ጠፋ። በቃ ጠፋ፣ ሦስት መቶ ዳቦ ጭኜ ምንም አይሸተኝም። ሂተሩን ከፈትኩት፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል እንደ ጨው ነጭ ነገር መያዝ ጀመረ፣ በእጅጌዬ እየጠረግኩ መንዳት ሆነ ሥራዬ።

"ወዴት ነህ?" አልኩት በሩሲያኛ።

"ቤት" አለ፣ እጁን ወደ ፊት ጠቆመ።

ፍሪሞንትን አለፍን። የማደርሰው ዳቦ ነበረኝ፣ አልቆምኩም፣ ለምን እንዳልቆምኩ አትጠይቁኝ። ከሞተሩ ድምፅ ሥር አንድ ሹክሹክታ ይሰማኛል፣ ሬዲዮኑ መስሎኝ ነካሁት፣ ተዘግቷል። ጆሮዬን ሰጠሁ። በመስኮቱ በኩል የመንገድ መብራቶቹ አንድ በአንድ ከጉሙ እየወጡ ያልፋሉ፣ እያንዳንዱ ሲያልፍ ሰውዬው ሻርፑ ውስጥ አንድ ነገር ይላል። "ዓሰርተ ሽዱሽተ።" ሌላው አለፈ። "ዓሰርተ ሸውዓተ።"

ማርያምን፣ እኔ ከሃዲው ማርያምን ብዬ ልማልላችሁ፣ ዞሬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። አንገቴ እምቢ አለኝ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ቀረ፣ እጄ መሪው ላይ ደረቀ፣ እና ሾፌር ሊፍት የሰጠውን ሰው የሚጠይቀውን ያቺን ተራ ጥያቄ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ በአማርኛ ጠየቅኩት።

"ብዙ ቆምክ እንዴ?"

በጠራ የካዛንቺስ አማርኛ፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "አይ፣ ጓደኛዬ 'መጣሁ' ብሎኝ ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። አለቀስኩ መሰለኝ፣ ፊቴ እርጥብ ነበር። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፣ ይቅርታ ለማለት ግን እሱ መሆኑን ማመን አለብኝ፣ እሱ መሆኑን ካመንኩ ደግሞ ምን ሆኖ አጠገቤ እንደተቀመጠ ማመን አለብኝ። ዝም አልኩ። ያኔም ዝም፣ አሁንም ዝም! መኪናው ሲቆም እነእማማ ለተብርሃን አፓርትመንት በር ላይ ነበርን። እሱ መንገድ አልመራኝም፣ እኔም ልሄድ አላሰብኩም፣ እጄ የለመደው መንገድ ሆኖ ይሆናል።

ወረደ። እኔም ወረድኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻውን ወደ እናቱ እንዲወጣ ልተወው አልቻልኩም፣ ምናልባት የመጀመሪያው ጓደኛነቴ ያ ነበር። ደረጃውን እኔ ቀድሜ ወጣሁ፣ ከኋላዬ ክርጭ፣ ክርጭ ይላል፣ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ። ሰማዩ ገና ወገግ እያለ ነው። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ልሁን ወይም እሷ ኮቴ ሰምታ ትክፈተው አላውቅም፣ ብቻ በሩ ተከፈተ፣ እማማ ለተብርሃን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዳዊቷን ይዛ፣ ብቅ አለች።

እና አየችን። እናንተ የእኛ ሰዎች ስለሆናችሁ ይገባችኋል። ጎህ ሲቀድ፣ ሳይደውሉ፣ ሁለት ወንዶች በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት ነው? አሜሪካም መጥተን መርዶ በስልክ አንናገርም፣ ሺፍት ቀይረን፣ ኦፍ ጠይቀን፣ ሰው አስተባብረን፣ ንጋት ላይ ነው በር የምናንኳኳው። ይህን ነገር ያሰብኩት እንኳ ያኔ ነው፣ ዓይኗን ሳየው።

"ወይለይ ወደይ!" አለች፣ ድምፅዋ ግቢውን ሁሉ ቀሰቀሰው፣ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጥላ መሬት ላይ ተደፋች። "ክፍሎም ወደይ! ልጄን! ልጄን አመጣችሁልኝ!"

"አይደለም እማማ" ልላት ነበር። ምኑ ነው አይደለም? ሰናይት የሆስፒታል ሺፍቷን ጨርሳ ገና መግባቷ ነበር፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከውስጥ ሮጣ መጣች፣ "ዋት ሃፕንድ? አበራ፣ ምን ነገርካት?" ትለኛለች፣ "ምንም አላልኩም፣ ሰናይት፣ ምንም አላልኩም" እላለሁ። እናትየውን ለማንሳት ጎንበስ ብለን ስንታገል ቆይቼ ነው ወደ ኋላዬ የዞርኩት። ደረጃው ላይ ማንም የለም። ጠርዙ ላይ የጎረቤት አበባ ማሰሮ፣ ከታች የቫኔ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ በቃ። ሮጬ ወረድኩ፣ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድኩ፣ "ክፍሎም!" ብዬ ጮህኩ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉሙ ውስጥ አንድ ውሻ ጮኸ እንጂ መልስ አላገኘሁም።

ዳቦው ረፋድ ላይ ካምቤል ሲደርስ ድንጋይ ሆኖ ነበር። የሱቁ ተቀባይ አንዱን ጠረጴዛ ላይ መታውና "ፍሮዝን ነው፣ ሪተርን አድርገው" አለኝ፣ ማናጀሬም ማቀዝቀዣ የሌላት ቫን ውስጥ ዳቦ እንዴት ይረጋል ብሎ ደሞዜን ከመቁረጥ በፊት ጥቂት ተገረመ። እኔም አስረዳው ዘንድ ምን ልበለው?

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ከኦክላንድ፣ ከሄይዋርድ፣ ከየቦታው ሰው ጎረፈ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እስላሙም። የሚመጣው ሁሉ ቀስ ብሎ "እንዴት ተሰማ?" ይላል፣ ጥግ ላይ ያሉት በዓይናቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ፣ "አበራ ነው ያረዳት፣ ከዚያ አገር ወሬ መጥቶለት" ይባባላሉ። ሰው እየመጣ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፣ ይህን ከባድ ነገር በመሸከሜ። የመጣልኝ ወሬ የለም ብል እናትየው ተነስታ እንደገና በር መጠበቅ ልትጀምር ነው፣ ዝም ብል ደግሞ ሞተ ሳይባል ገድዬው ቁጭ ማለቴ ነው። ምርር ብዬ አለቀስኩ፣ ሰውም ወዳጅነታቸው እንዴት ጥብቅ ነበር አለ።

በአራተኛው ቀን ሰናይትን ወደ ውጭ ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት፣ የመኪናውን አንድ መቀመጫ፣ የምድጃውን ቤት፣ እንቅልፌን፣ ባቡሩን። የዚያን ጠዋቱን ሰውዬ ብቻ አልነገርኳትም፣ እብድ እንዳትለኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፣ አልመታችኝም። ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

"ወንድሜን መንገድ ላይ ጥለህ፣ ስንት እሑድ ቤታችን መጥተህ በላህ" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለእማዬ ልትነግራት ነው?"

"ልነግራት ነው።"

"አትነግራትም" አለች። "ትናንት እንቅልፍ ወሰዳት። ሙሉ ሌሊት፣ አበራ፣ ስድስት ዓመት እንደዚያ ተኝታ አላየኋትም። አንተ ቀለል እንዲልህ ብለህ እናቴን አትቀሰቅሳትም።"

ከዚያ ወዲያ እነሱ ቤት መሄድ ተውኩ፣ ስልክም አልደወልኩም፣ የአርባው ዕለት እንኳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄጄ ሳልገባ ተመለስኩ። ከአርባው በኋላ ግን ራሷ እማማ ለተብርሃን አስደወለችልኝ፣ "ልጄ ሞተ ብለህ አንተም ልትቀርብኝ ነው?" አለችኝ፣ ምን አፍ ይኖረኛል፣ እሑድ ከሰዓት ሄድኩ።

ከስታ ነበር፣ ግን ፊቷ ረጋ ብሏል። ሰናይት ሳታየኝ ሻይ አቀረበችልኝና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ስለ ብርድ፣ ስለ ጉልበቷ ጥቂት አወራን። ከዚያ እማማ ለተብርሃን እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

"ያን ቀን አብሮህ የመጣውን ሰውዬ ሳላመሰግነው ቀረሁ" አለችኝ።

ብርጭቆዬ እጄ ላይ ቀረ። ሰናይት ቀና ብላ "የቱን ሰውዬ እማዬ? አበራ እኮ ብቻውን ነው የመጣው፣ እኔ ማንንም አላየሁም" አለቻት።

"አንቺ ስትመጪ ሄዷል። ከኋላው ቆሞ ነበር፣ ካፖርት የለበሰ፣ ረዘም ያለ። እጁንም ወደ እኔ ሰደደ፣ ሊደግፈኝ ነው መሰል፣ እኔ ግን ሁለት ሆነው ሳያቸው ገባኝና ፊቴን ሸፈንኩ። ፊቱን እንኳ ሳላየው!" ራሷን ነቀነቀች። "ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያ ብርድ፣ ለማያውቃት እናት ብሎ ወጥቶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ሳልሰጠው፣ ስጮህበት ደንግጦ ሄደ። እግዜር ይስጠው። ስሙ ማነው ልጄ? ለቄሱ የማሰጠው የስም ዝርዝር አለኝ፣ ክፍሎምን ከሞቱት ጋር አስገብቼዋለሁ፣ ይህን ሰው ደግሞ በሕይወት ካሉት ጋር ላስበው።"

ሰናይት አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም፣ ቀስ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ረሳሁት እማማ" አልኳት፣ "ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

ይኸው እስከ ዛሬ፣ በሄድኩ ቁጥር፣ ስሙን ጠየቅክልኝ ወይ ትለኛለች።